እረኛ የሚያውቀውን የዱር ፍሬ ማኅበሩም ይወቀው

ጠዋት ከብት ይዞ የወጣ ልጅ ማታ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጣቱ ወይን ጠጅ ቀለም ነክቶት ሲመለስ እናቱ «የት ውለህ ነው?» ብላ ትቆጣዋለች እንጂ «ምን በላህ?» ብላ አትጠይቀውም። መልሱን ታውቀዋለችና። አጋም በልቷል፤ አለዚያም ዶቅማ፤ አለዚያም አውጥ። እርሷም በልጅነቷ በልታዋለች፤ አያቷም በልተውታል። ነገሩ ይህን ያህል የተለመደ በመሆኑ የዱር ፍሬ ጉዳይ በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ሲነሣ አይሰማም። ማዳበሪያ ይነሣል፤ እርከን ይነሣል፤ ግብርና የወሰን ክርክር ይነሣል። ልጆች በየጫካው ጥግና በየአጥሩ ሥር ምን እየለቀሙ እንደሚበሉ ግን የሚጠይቅ የለም።

ጉዳዩ የሚነሣው አንድ ልጅ እያስመለሰው፣ ጉልበቱ ከድቶት፣ በሰው ጀርባ ታዝሎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሮጥ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሙ የሚያቀርበው የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን በላ?» የሚል ነው። ያዘለውም፣ የተከተለውም፣ ከኋላ እያለቀሰች የመጣችው እናትም መልስ የላቸውም። አብረውት የዋሉት ልጆች ወይ ፈርተው ተደብቀዋል፤ ወይ ከከብቶቹ ጋር ቀርተዋል።

ይህ ጥያቄ መመለስ ያለበት ልጁ ከመታመሙ በፊት ነው። ለዚህም ከገበሬ ማኅበር መሪ የተሻለ ቅርበት ያለው ሰው የለም። ሐኪሙ ከወረዳ ከተማ ነው፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ነው። በቀበሌው ውስጥ ያለውን ገደል፣ ሸጥ፣ ቁጥቋጦና አጥር ለይቶ የሚያውቀው፣ ሽማግሌዎችንም ሰብስቦ ማነጋገር የሚችለው የማኅበሩ መሪ ነው።

በመሠረቱ የዱር ፍሬ የልጆች መጫወቻ ብቻ አይደለም። ጎተራ በሚጎድልበት፣ አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወቅት ብዙ ቤተሰብ በልጁ ሆድ ውስጥ ምን እንደገባ ሳያውቀው የዱር ፍሬ ይደጉመዋል። የዋንዛ ፍሬ ጣቱን እያጣበቀው የሚመጥጥ፣ ሾላ ሥር ተቀምጦ ነፍሳቱን እያራገፈ የሚበላ፣ ከቀጋ ቁጥቋጦ ቀዩን ፍሬ ቀንጥሶ በውስጡ ያለውን ፀጉርና ዘር በጥፍሩ ፍቆ የሚጥል ልጅ ከቤቱ ድስት የማያገኘውን ነገር ያገኛል። ቀጋ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ነው። ኮሽምም ኮምጣጣ ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል፤ ልጆች ግን ይወዱታል። በቆላው ቁርቁራና እንኮይ፣ በወይና ደጋው ዶቅማ፣ እሼና ለንቋጣ፣ በደጋው ደግሞ እንጆሪ አለ። የአገሪቱ የዕፅዋት ሊቃውንት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምገማ በኢትዮጵያ የሚበሉ 413 የዱር ዕፅዋት ተመዝግበው መገኘታቸውን አመልክተዋል። ይህ ቁጥር ቅጠሉንም፣ ሥሩንም፣ ፍሬውንም ያጠቃለለ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ የሚበሉት በፍሬያቸው ነው።

በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ድርቅ ያሳለፈ ሽማግሌ ይህን ቁጥር መስማት አያስፈልገውም። በዚያን ጊዜ በዱር ፍሬና ቅጠል ቀን የተገፋባቸው ቤቶች ነበሩና። ይሁንና በችግር ጊዜ የሚበላው ፍሬ በደህና ጊዜ ካልታወቀ፣ ራብ ሲመጣ የሚማረው ሰው የሚማረው በሆዱ ነው።

አንድ ምሳሌ በደንብ ሊታይ ይገባዋል። እርሱም የአጋምና የምረንዝ ጉዳይ ነው።

አጋምን የማያውቅ የለም። ቁጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የሚበቅል ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ከውጭ በኩል ቀላ ይላል፤ ሽታውም ደስ ያሰኛል። ፍሬው በመጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ ሲበስል ደግሞ ወደ ጥቁር የሚያደላ ወይን ጠጅ ይሆናል። ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል።

ምረንዝስ? ይህም ቁጥቋጦ ነው፤ ሲያድግም ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ቅጠሉ ጠንካራና የሚያብለጨልጭ፣ ፊት ለፊት የሚበቅል ነው። አበባው ነጭ ሆኖ ወደ ሮዝ ያደላል፤ ሽታውም ደስ ያሰኛል። ፍሬው አረንጓዴ ነበረ፤ ቀይ ይሆናል፤ ሲበስል ወይን ጠጅ ሆኖ ይጠቁራል። ሲሰበር ነጭ ወተት ያወጣል።

ሁለቱን አንቀጾች ደጋግሞ ያነበበ ሰው አንድ ልጅ ለምን እንደሚሳሳት ይገባዋል። የተሳሳተው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ሁለቱ ዕፅዋት በዝምድናቸውም አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ በደረቅ ጫካና በጫካ ዳር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ተዳፋት ላይ ጎን ለጎን ይበቅላሉ። አንዱ ግን ለልጅ ምሳ ሲሆን ሌላው ከጥንት ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ቅርፊቱንና እንጨቱን ቀቅለው የቀስታቸውን ጫፍ የሚቀቡበት መርዝ ነው። መርዙ የሚመታው ልብን ነው። የልብን ምት ያዘገያል፤ ያዛባል፤ መጠኑ ከበዛም ያቆማል። ከዚያ በፊት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይመጣል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? መልሱ ሁሉም ሰው በሚያውቀው ተረት ውስጥ ተቀምጧል፦ አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሁልጊዜ ሲያለቅስ ይኖራል። ቁልቋሉን የሚያስለቅሰው የአጋም እሾህ ነው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አጋሙ ይወጋዋል፤ ቁልቋሉም ወተቱን ያፈሳል። ተረቱን የፈጠሩት አባቶች ስለ መጥፎ ጎረቤት መናገራቸው ነው፤ ነገር ግን ሳያስቡት ለልጆቻቸው የአጋምን ምልክት ትተውላቸዋል። አጋም ጠንካራ፣ ቀጥ ያለ እሾህ አለው። ምረንዝ እሾህ የለውም። ፍሬውን ከመቅጠፉ በፊት ቅርንጫፉን ያየ፣ እጁንም የወጋው ልጅ አጋም ይዟል። እጁ ሳይወጋ እንደልቡ የለቀመ ልጅ ግን ይቁም።

ይህ ምልክት የሚያገለግለው አጋምን ከምረንዝ ለመለየት ብቻ መሆኑ በጥብቅ መነገር አለበት። «እሾህ ያለው ሁሉ ይበላል» ብሎ የደመደመ ልጅ በማግሥቱ እምቧይ አፉ ውስጥ ሊከት ይችላል። እምቧይ ከነእሾሁ መርዛም ነው።

ስለ ምረንዝ ሌላም መጠቀስ ያለበት ነገር አለ። በአንዳንድ አካባቢ ፍሬው ሙሉ በሙሉ በስሎ ሲጠቁር የሚበላ ሰው አለ። ይህ እውነት ነው፤ የገጠር ሰው የሚያውቀውን መካድም አይጠቅምም። ሆኖም «ሲበስል ይበላል» የሚለው ቃል ከአዋቂ አፍ ወጥቶ በራበው የስምንት ዓመት ልጅ ጆሮ ሲገባ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ቀይ የሆነው በስሏል? ግማሹ የጠቆረውስ? ፍሬው የተላጠ ሲመስለው ዘሩን ቢያኝክስ? በበሰለና ባልበሰለ መካከል ያለውን ጥቂት ቀን ለልጅ ዓይን መተው አይገባም። ስለዚህ ለልጆች የሚነገረው ቃል አንድ ብቻ ይሁን፦ እሾህ የሌለውን አትንካ። ከቅርንጫፉም ሥጋ መጥበሻ እንጨት፣ ማማሰያ ወይም የጥርስ መፋቂያ መቁረጥ አይገባም፤ መርዙ በእንጨቱና በቅርፊቱ ውስጥ አለና።

በገጠር ፍሬ ለመለየት የሚያገለግሉ ሌሎች ደንቦች አሉ። አንዳንዶቹ ጥሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ለብዙ ዘመን ሲነገሩ በመኖራቸው ብቻ እውነት የመሰሉ ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ የከፋው «ወፍ የበላው ለሰው አይጎዳም» የሚለው ነው። የምረንዝን ፍሬ ወፍ ይበላዋል። የእንዶድንም ይበላዋል። ወፍ ፍሬውን ውጦ ዘሩን በሌላ ስፍራ ይጥላል፤ ተክሉም የሚራባው በዚሁ ነው። ወፏ አልሞተችም ማለት ልጁ አይታመምም ማለት አይደለም። የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ እንኳ ስሙ ያሳስታል። በቀለም ያሸበረቀ አበባ ስላለው ለጌጥና ለአጥር ተብሎ ከውጭ የገባው ይህ ተክል ዛሬ በድሬዳዋና በሐረርጌ አካባቢ የግጦሽ መሬት እየወረረ ነው። ያልበሰለው ፍሬው ልጅን ይጎዳል። ቅጠሉን የበላ ከብትም ጉበቱ ይታመማል፤ ፀሐይ ሲነካው ቆዳው እየቆሰለ ይላጣል። ለወፍ ቆሎ የሆነው ለላም መርዝ ሆኗል ማለት ነው።

«ወተት ያለው መርዝ ነው» የሚለውም ደንብ እንዲሁ አያዋጣም። በዚህ ደንብ ከተሄደ አጋምም ሾላም መጣል ይኖርባቸዋል። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን የሚያጠፋ በመሆኑ ደንቡ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ለፍሬ መለያ ግን አይሆንም። «መርዝ መራራ ነው፤ የጣፈጠ አይገድልም» የሚለውም ቢሆን ጥቂት ጣፋጭነት ያለው መርዛም ፍሬ መኖሩን ይዘነጋል። ሌሎች ደግሞ «ቢቀቀል ይወጣለታል» ይላሉ። አዳኞች ምረንዝን የሚቀቅሉት መርዙን ለማውጣት ሳይሆን ለማጠንከር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

የአውጥን ጉዳይ ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ ጠንቅቀው ያውቁታል። አውጥ በጓሮና በእርሻ ዳር የሚበቅል ትንሽ አረም ነው። ፍሬው ሲጠቁር ይበላል፤ አረንጓዴው ሆድ ይቆርጣል፤ ያስመልሳል። እዚህ ላይ ቀለሙ ራሱ ይመራል፤ ችግሩ የሚመጣው ትንንሾቹ ልጆች ታላላቆቻቸው ጥቁሩን ለቅመው ሲጨርሱባቸው ወደ አረንጓዴው ሲዞሩ ነው። እምቧይ፣ አውጥ፣ ድንችና ቲማቲም ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ናቸው ቢባል ብዙ ገበሬ ይገረም ይሆናል። ድንች ፀሐይ መትቶት ሲያረንጉድ የማይበላው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚሁ ቤተሰብ የሆነው ጊዜዋ ደግሞ እንደ ወረቀት በሳሳ ሽፋን የተጠቀለለ ቀይ ፍሬ አለው። በአንዳንድ ስፍራ የፈረንጅ አውጥ የሚባለውም ፍሬ እንዲሁ በሳሳ ሽፋን የተጠቀለለ ሲሆን፣ ሽፋኑ ሲገለጥ የሚታየው ግን ብጫ ነው፤ ጣፋጭም ነው። ብጫውን የለመደ ልጅ ቀዩን ሲያገኝ «ይህ ደግሞ ይበልጥ የበሰለ ነው» ብሎ እንዳያስብ አስቀድሞ ሁለቱን ጎን ለጎን ማሳየት ያስፈልጋል። ጊዜዋ ለመድኃኒትና ለጢስ የሚፈለግ በመሆኑ ሰዎች በቤታቸው አጠገብ ይተዉታል፤ ይህም አደጋውን ወደ ሕፃናቱ ያቀርበዋል።

እንዶድም እንደዚሁ የቤት ጎረቤት ነው። እናቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ነጠላ የሚያነጡበት ፍሬ ነው። ስለ እንዶድ ሲነገር ሟቹን ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማን አለማንሣት አይቻልም። በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን ተመልክተው፣ ፍሬው ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል መሆኑን ለዓለም አሳወቁ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋርም በ1989 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሸልመዋል። ትምህርቱ ግን ለገበሬው በሌላም በኩል ይጠቅማል። ቀንድ አውጣና ዓሣ የሚገድል ፍሬ ለልጅ ሆድ አይሆንም። እንዶድ ሲበላ ክፉኛ ያስመልሳል፤ ያስቀምጣል። ዘለላው ተንጠልጥሎ ሲታይ የሚያምር በመሆኑ፣ የሚታጠብበት ፍሬ በቆጥ ላይ ወይም በከፍታ ስፍራ እንዲቀመጥ ማድረግ ከብዙ ሐዘን ያድናል። የጉሎ ፍሬም በቆዳው ላይ እንደ ዶቃ የተዥጎረጎረ በመሆኑ ልጆች ይሰበስቡታል። ተኝኮ የተዋጠ ጉሎ ሰው ይገድላል። እንቆቆና ቀጨሞን ለኮሶ ሲሉ የሚወስዱ ሰዎችም መጠኑን እንዳያበዙ፣ ለልጅም እንዳይሰጡ ሊነገራቸው ይገባል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በየቀበሌው ሁለት ዓይነት አስተያየት ሲነገር ይሰማል። አንደኛው «ልጆች የዱር ፍሬ እንዳይበሉ ይከልከል፤ ነገሩም ያበቃል» የሚል ነው። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ከተማ የተማሩ፣ ለልጆች ጤና የሚያስቡ ሰዎች ናቸው። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ሆኖም የራበው ልጅ ከብት ሲጠብቅ ከጎኑ ቆሞ የሚከለክል የለም። ክልከላው የሚያስከትለው ልጁ ፍሬውን ተደብቆ እንዲበላ፣ ሲታመምም የበላውን እንዲደብቅ ብቻ ነው። ሐኪም ከሚፈልገው መልስ ጋር የሚጣላ ደንብ ነው።

ሁለተኛው አስተያየት «እረኛ ያውቃል፤ እኛም በዚሁ አድገናል» የሚል ነው። ይህ አባባል ትናንት እውነት ነበረ። ትልቁ እረኛ ለትንሹ ያሳየው ነበር፤ ምረንዝ ሥር ሲደርሱ በበትር ይመታውና ያስጠነቅቀው ነበር። ዛሬ ግን ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ ይህም እሰየው የሚያሰኝ ነው። ከብት የሚጠበቀው በፈረቃና በዕረፍት ቀን ሆኗል። ልጁ ወደ ጫካ የሚሄደው አልፎ አልፎ ሲሆን አብሮት የሚሄደውም እንደ እርሱ ያልለመደ ነው። የሚያስተምረው ትልቅ እረኛ የለም። በብዙ ቀበሌ የተከለለ ተራራ አለ፤ ቁጥቋጦውም ባለፉት ዓመታት ተመልሶ በቅሏል። አጋሙም፣ ቀጋውም፣ ምረንዙም አብረው ተመልሰዋል። ዕፅዋቱ ተመለሱ፤ ዕውቀታቸው ግን አብሮ አልተመለሰም።

ከዚህም በላይ በሰፈራ የተቋቋሙ ቀበሌዎች አሉ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚደርስ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ ወደ መተከል፣ ጋምቤላ፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦርና ከፋ እንዲሰፍር ተደርጓል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራም ብዙ ቤተሰብ ከደጋ ወደ ቆላ አውርዷል። የደጋ ሰው ቀጋና እንጆሪ ያውቃል፤ በቆላ ጫካ ውስጥ ያለውን ግን የሚያውቀው ቀድሞ እዚያ የነበረው ሕዝብ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀበሌ የሚገኝ የማኅበር መሪ የጎረቤቱን ሕዝብ ሽማግሌዎችና እናቶች ማማከር አሳፋሪ ሊሆንበት አይገባም። ብዙ ጊዜ ይህን ማድረግ የሚከብደው ዕውቀቱ ጠፍቶ ሳይሆን «ከእነርሱ ምን እንማራለን» በሚል ትዕቢት ነው።

ስምም ሌላ ችግር አለው። አጋም በኦሮምኛ አገምሳ ይባላል፤ ስሙ የሚቀራረብ በመሆኑ ችግር የለውም። ምረንዝ ግን በኦሮምኛ ቀራሩ ነው፤ በሁለቱ ስሞች መካከል ምንም መቀራረብ የለም። በከተማ እንጆሪ ሲባል ከውጭ የመጣውና በአትክልት ስፍራ የሚተከለው ነው፤ በገጠር እንጆሪ ሲባል እሾሃማው የዱር ሐረግ ነው። ቁልቋል ሲባል ለአንዱ ፍሬው የሚበላው በለስ ነው፤ ለሌላው ወተቱ ዓይን የሚያጠፋው ዛፍ ነው። እምቧይና የምድር እምቧይ በስም ቢገናኙም በዝምድና አይገናኙም፤ ሁለቱም ግን አይበሉም። በስም ብቻ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በቀበሌው ወሰን ላይ ያበቃል ማለት ነው። ስለዚህ ልጅ መማር ያለበት ስሙን ብቻ ሳይሆን ቅርንጫፉን፣ እሾሁን፣ ቅጠሉንና የፍሬውን አቀማመጥ ነው።

መጽሐፍ የለም አይባልም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተመዘገቡበት ትልቁ ሥራ የመጨረሻ ቅጽ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ2000 እ.ኤ.አ.ም የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኢትዮጵያ የነበረው የአስቸኳይ ጊዜ ክፍል በድርቅ ጊዜ ስለሚበሉ የዱር ዕፅዋት ጥናት አውጥቶ ነበር። ሆኖም እነዚህ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ዕፅዋቱም የተመዘገቡት በሳይንሳዊ ስማቸው ነው። ወደ እረኛው ሊደርሱ የሚችሉት በሰው በኩል ነው።

ይህ ሥራ በጀት አይጠይቅም። ፍሬ በሚያፈራበት ወቅት (ይህም እንደ ደጋውና ቆላው ይለያያል) አንድ የሥራ ያልሆነ ቀን ይመረጥ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሁለት ሦስት ሽማግሌዎችን፣ ዕፅ የሚያውቁ እናቶችን፣ እረኝነት የለመዱ ጎረምሶችን፣ የግብርና ልማት ሠራተኛውን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋንና መምህሩን ይዞ በጫካው ዳር ይውጣ። ልጆቹም ይከተሉ። የሚበላውና የማይበላው ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ፣ ከነእሾሁ፣ ከነፍሬው ተቆርጦ ጎን ለጎን ይቀመጥ። ልጆቹ ራሳቸው ለይተው እንዲናገሩ ይጠየቁ፤ አዋቂዎቹ በመጀመሪያ ዝም ይበሉ። ልጆቹ ከሚሳሳቱበት ይልቅ አዋቂዎቹ እርስ በርሳቸው የማይስማሙበት ቢበዛ አያስገርምም። ያልተስማሙበት ፍሬ «አይበላም» ተብሎ ይመዝገብ። በአፍ ቀምሶ መሞከር ግን ፈጽሞ አይፈቀድ። ማንነቱ ያልታወቀ ተክል ቢገኝ ቅርንጫፉ ከነአበባውና ከነፍሬው በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ይድረቅና በልማት ሠራተኛው በኩል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይላክ። እዚያ ያሉ ባለሙያዎች ሥራቸው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ በቀበሌው ውስጥ ምረንዝ የሚገኝባቸው ስፍራዎች ይታወቁ። በትምህርት ቤት አጥር፣ በውሃ መቅጃና በልጆች መጫወቻ አጠገብ ያለው ይቆረጥ። በሩቅ ጫካ ያለውን ሁሉ ለማጥፋት መዝመት ግን አያስፈልግም፤ አይቻልምም። በሌላ በኩል እርከን ሲሠራና መንገድ ሲጠረግ የአጋም፣ የኮሽምና የቀጋ አጥር «እሾህ ነው» ተብሎ ባይመነጠር ይመረጣል። ለአጥር ሌላ እንጨት የሚቆርጥ ማኅበር ሕያው አጥሩን ነቅሎ መጣሉ ሁለት ጊዜ መክሰሩ ነው። አጋም አጥር ሆኖ ከብት ይከለክላል፤ ፍሬውን ለልጆች ይሰጣል፤ አፈሩንም ይይዛል።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎ አንድ ልጅ ቢታመም መደረግ ያለበት ነገር ለሁሉም ቤተሰብ አስቀድሞ መነገር አለበት። በቅድሚያ ልጁን መግረፍና መጮህ ይቅር፤ የፈራ ልጅ ይዋሻል። አፉ ውስጥ የቀረ ፍሬ ካለ ይውጣ፤ አፉም በውሃ ይጉመጥመጥ። ጣት ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ማስመለስ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ተልባ ወይም አረቄ ማጠጣት አይገባም። በተለይ ራሱን ያልያዘና የሚያንቀላፋ ልጅ ምንም ነገር በአፉ እንዳይሰጠው። በጎኑ ይተኛ፤ ቢያስመልሰው ትፋቱ እንዳያንቀው። «እስኪ እስከ ጠዋት እንየው» ማለት አያስፈልግም፤ የልብ መርዝ ጠዋትን አይጠብቅም። ቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች አስቀድመው የታወቁ ቢሆኑ ሰዓት ይቆጠባል።

ከልጁ ጋር የሚሄደው ሰው ሦስት ነገር ይዞ ይሂድ። ልጁ በስንት ሰዓት ገደማ እንደበላ፣ ስንት ፍሬ እንደበላ ከጓደኞቹ ጠይቆ ይወቅ። አንድ ጎረምሳም ወደ በላበት ስፍራ ሮጦ ቅርንጫፉን ከነፍሬው፣ እሾህ ካለው ከነእሾሁ፣ ቆርጦ ያምጣ። ሌሎቹ ልጆችም ከዚያው ፍሬ በልተው እንደሆነ በዚያው ሰዓት ይጠየቁ፤ ባይታመሙም አብረው ይወሰዱ። ቅርንጫፉ በኪስ ሳይሆን በእጅ ተይዞ፣ ቅጠሉ ሳይረግፍ ለሐኪሙ ይሰጥ።